ጉሉኮስ የተተከለለት ጠላ

ኅዳር 2

ሰበርኩት። የእማዬን ጋን፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጠውን። የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ላስጠጋ ስል ወደቀበት። መጻሕፍቱ ደህና ናቸው። ከጋኑ የተረፈው አንገቱ ብቻ ነው።

ለኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኛ ነው። እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። "ይቺን ተራዬን ላድርስ እንጂ…" ትላለች፤ የቀረውን አትጨርሰውም። ጋኑን አልነገርኳትም።

ኅዳር 3

መካነ ሰላም ውስጥ ባዶ ጋን የለም፤ ሁሉም ለሚካኤል ጠምቋል። አዲስ ገዝቼ እስካሟሸው በዓሉ ያልፋል። ጥንስሱ በእንስራ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል። ክዳኑን በጋለ ምስማር በሳሁት። ከእማዬ ሕክምና የተረፈ የጉሉኮስ ቱቦ ሰካሁበት፣ ዙሪያውን በሰም ደፈንኩ። የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ እማዬን ሊጠይቁ መጥተው በርሜሉን ዞረው አዩት።

"ይኼም ታሟል እንዴ? ጉሉኮስ ተክለሽለታል።"

ኅዳር 4

እማዬ ከአልጋዋ ሆና "ጋኑን አጥነሽዋል?" አለችኝ።

"ላጥነው ነው" አልኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝ በርሜሉን በወይራ ፍም ላይ ደፋሁት።

አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ወይራ ነው።"

"ከየት አገር የመጣ ወይራ ነው?"

በርሜሉ አሁን በርጩማ ይመስላል። ተቀምጬበት አለቀስኩ።

ኅዳር 5

እትዬ ዘሐራ ሁለት ጀሪካን ሰጡኝ፣ ዘይት የነበረባቸው። "ለጠላ ነው እንዳትይኝ። ለውሃ ነው በይኝ።" ለውሃ ነው አልኳቸው። "አብሽሪ ልጄ" ብለው ሳሙና ጨመሩልኝ።

በሳሙና፣ በፈላ ውሃ፣ በግራዋ ቅጠል አጠብኳቸው። የተሰበረውን ጋን አንገት ፍሙ ላይ አቆምኩ፤ ከአፉ ሸምበቆ ቀጥዬ ጭሱን ጀሪካኑ ውስጥ አስገባሁ። ጭሱ እዚያ እስኪደርስ ይበርዳል። ፕላስቲኩ አልቀለጠም። ድፍድፉን ገለበጥኩ፣ ቱቦውን ተከልኩ።

እማዬ፦ "አሁን ገና ወይራ ሸተተ።"

ኅዳር 8

አረፋ የለም። የጠርሙሱ ውሃ ፍንክች አላለም። ብርዱ ነው? ሳሙናው? ዘይቱ? እኔ?

ሃያ ማኅበርተኛ ይመጣል። ጽዋው በለስላሳ ሲሞላ እማዬ ከምታይ መደርደሪያው እኔ ላይ ቢወድቅ ይሻል ነበር። ጋቢዬን ጀሪካኖቹን አለበስኳቸው። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 9

ቡል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ቡል፣ ቡል።

"ጋኑ ከተሰበረ ያ የሚያወራው ምንድን ነው?" አለች እማዬ።

"ማን ነገረሽ?" አልኩ።

"የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።"

ሰባት ቀን ሙሉ ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ነበር።

ኅዳር 12

ሰፈሩ ሁሉ ለኅዳር ቆሻሻውን ሲያቃጥል እኔም በርሜሉን ላወጣ ተነሳሁ። "ተዪው፤ እሱ ቀድሞ ታጥኗል" አለች እማዬ።

ማኅበርተኛው ጠጣ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ ሁለተኛ ጽዋ ጠየቁ፤ ከደግነት ይሁን ከጥማት አላወቅሁም። እማዬ ትራስ ተደግፋ ቀመሰች።

"ቀጥኗል። ግን ጠላ ነው።"

ቀጥላ ወደ ሙሴው ዞረች፦ "የከርሞውን ተራ በእሷ ስም ያዙት።"

እኔ የሙሴውን ጽዋ ደግሜ ሞላሁ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠራችኝ። "አዲስ ጋን ግዢ። ማሟሸቱን አሳይሻለሁ።"

"ብዙ ጊዜ ይፈልጋል" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።