ሸርጣን የተበላባቸው ካርቶኖች

ለእህቴ ለኦዚት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረትሽ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል? ባልሽ ሬይመንድ እንዴት ነው፣ ጉልበቱ ደረጃ ያስወጣዋል? ልጅሽስ ኮሪን ደህና ናት? ሲያትል ዝናቡ እንደማያባራ በሬዲዮ እሰማለሁ። እኛም ዘንድ ይዘንባል፤ የእኛው ግን ዘንቦ ይሄዳል። እኔ ደህና ነኝ። ከጥርሴ በቀር የከዳኝ አካል የለም፤ እሱም ቢሆን ለሸርጣን እግር ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የደረሰሽን ሁሉ የጻፈችው የልጄ የኦቪድ ሚስት ዳርላ ነበረች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታለዝበዋለች፤ ለሕፃን እንደሚሰጥ ዓሣ እሾሁን እያወጣች ነበር የምትልክልሽ። የዛሬው ከነእሾሁ ነውና ቀስ ብለሽ ብዪው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ። መምህሯ በእናታችን ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ አወራሽ ብላ የበቆሎ ፍሬ ላይ ካንበረከከችኝ ወዲያ፣ አባባ «ለእሷ ይብቃት» ብሎ ሽሪምፕ መፈልፈያው ላይ አስቀመጠኝ። አንቺ ግን ትምህርቱን ቀጠልሽ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ባሌን ከቀበርኩ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሕፃናት ወንበር ላይ ተጣጥፌ ነው።

ደብዳቤሽን ራሴ ስላነበብኩት ማንም አላለዘበልኝም። «ኦቪድ ቤቱን ሽጠሽ ከእኛ ጋር ከተማ ኑሪ የሚልሽ ለአንቺው አስቦ ነው፤ ብቻሽን ምን በልተሽ ታድሪያለሽ?» ብለሻል። ምን በልቼ እንደማድር ልንገርሽ።

ባለፈው ዓርብ ኦቪድና ዳርላ ሳይነግሩኝ መጡ። ፒካፑ ላይ ባዶ ካርቶን ተጭኗል። ሰላም ብለውኝ ሲያበቁ ካርቶኖቹን አስገብተው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ደረደሯቸው። ኦቪድ «እማዬ፣ ዛሬ ሳህኖቹን ብቻ እናሽግ፤ ሌላው ይደርሳል» አለኝ። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ክፉ ነገር ሲያመጣ ከትንሿ ይጀምራል። ዳርላ ማቀዝቀዣውን ከፍታ «እይ እንግዲህ» ስትለው ሰማኋት። ውስጡ የሐሙስ የዶሮና የቋሊማ ጋምቦ ወጥ፣ ያደረ ሩዝና እንቁላል ነበር፤ ከላዩ ደግሞ የደረቀ ዳቦ። ጋምቦውን አውጥታ ልታሞቅ ስትል «ተዪው ልጄ፣ ዐቢይ ጾም ነው፤ በካቶሊክ ቤት ዓርብ ሥጋ አይነካም» አልኳት። አባባ ቢኖር መላ አያጣለትም ነበር። የውሃ ዶሮ ይዞ መጥቶ «ውሃ ላይ ከዋለች ዓሣ ናት፤ ዝም ብላችሁ ብሉ» ያለን ትዝ ይልሻል?

ዳርላ ግን «እንግዲያው የሚበላ ነገር የለም ማለት ነው» አለች። ይህች ቃል ናት ያንገበገበችኝ።

ይህን ስታወራ ጎረቤቴ ኑማ ከጀልባው ወርዶ አንድ ጆንያ ሸርጣን በረንዳው ላይ ዘረገፈ። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ካርቶኖቹን አየና «ምነው ኤልሚር፣ ሳትነግሪኝ ልትዳሪ ነው እንዴ?» አለ። «ልጄ ሊያሽገኝ መጥቶ ነው» አልኩት። «በይ ሲያሽግሽ በጭንቅላትሽ እንዳያቆምሽ፤ ቅመሙ ይደፋል» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳይበላ እንደማይሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የእናታችንን የብረት ድስት ጣድኩ። የቀረችኝን ዘይት እስከ ጠብታዋ ገልብጬ የጋምቦ መሠረት የሆነውን ዱቄት ማማሰል ያዝኩ። መጀመሪያ ኦቾሎኒ መሰለ፣ ቀጥሎ መዳብ፤ ወደ ጥቁርነቱ ሊሻገር ጥቂት ሲቀረው ዳርላ ከኋላዬ ደረሰችና «እማማ፣ እያረረ እኮ ነው፤ ረሱት እንዴ?» ብላ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቀች። ወደ ባሏም ዞረች፤ አላልኩህም የሚል ዓይን ነው። እነሱ በዓይን ሲወያዩ ዱቄቱ ከድስቱ ሥር ያዘና ጥቁር ነቁጥ ብቅ አለበት። ነቁጥ ያለበትን እናታችን ምን ትለው እንደነበር አልረሳሽም፤ ወጥ ውስጥ ብትደብቂው ምላስ ላይ ይወጣል። ደፋሁት። ኦቪድ ትከሻዬን ይዞ «በቃ እማዬ፣ አትድከሚ፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ገዝተን እንበላለን፤ ከዚያ ሳህኖቹን...» አለ።

አልዋሽሽም፣ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ዘይት የለም። ያለኝ የአሳማ ስብ ነው፤ እሱን ደግሞ ዓርብነቱ ከልክሎታል። መንገድ ላይ የተገዛ ምሳ ከበላን ሳህኖቼ ካርቶን ውስጥ እንደሚገቡ፣ ከሳህኖቹም በኋላ እኔ እንደምከተል አወቅሁት። ያኔ ነው ትልቁ ማዕበል የመጣ ዓመት ትዝ ያለኝ። ዘይት ከመንደሩ ጠፍቶ እናታችን ዱቄቱን በደረቁ ስታምሰው አንቺ ቀሚሷ ሥር ተኝተሽ ነበር፤ እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ድስቱን አጥቤ አደረቅሁና ዱቄቱን ያለ ዘይት ጨመርኩበት። ማማሰያውን ለዳርላ መለስኩላት። «ነጥቀሽኛልና ጨርሺው፤ እጅሽን ካነሳሽ ካርቶንሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«እስከ መቼ ነው የማምሰው?» አለች።

«የኑማን አንገት እስኪመስል።»

ኑማ ዞሮ አንገቱን አሳያት። ፀሐይና ጨው የበላው አንገት ነው፤ ኦቪድ ሳይቀር ሳቀ። ልጅቷም አማሰለች። ክንዷ ዛለ፣ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ወረደ፣ ግን አላነሳችም። እጇ የእሳቱን ልክ ያውቃል፤ ይህንን ለእሷ አልነገርኳትም።

እኔ ከሸርጣኑ ገሚሱን ቀቀልኩ። ከተቀቀለው የተወሰነውን ሥጋውን አውጥቼ ከደረቀው ዳቦና ከሽንኩርት ጋር አሸሁና እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ መልሼ ወደ ምድጃው አስገባሁት። የቀረው ጥሬው ዳርላ ባመሰችው ዱቄት ላይ ውሃ ጨምሬ በጀመርኩት አዲስ ጋምቦ ውስጥ ገባ። መረቁ ሲንተከተክ ለሁላችን እንደማይበቃ አየሁ፤ ስለዚህ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እላዩ ላይ ሰበርኳቸው፤ ዓርብ የሚከለክለው ሥጋን እንጂ እንቁላልን አይደለም። ያደረውን ሩዝ በእንፋሎቱ አሞቅሁት። የሚበላ ነገር የለም ከተባለበት ማቀዝቀዣ የሐሙሱ ጋምቦ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቅዳሜን ይጠብቃል።

ሊበሉ ሲሉ ኦቪድ ሸርጣን የሚሰባበርበት ጋዜጣ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። ድሮ ጋዜጣ እኛ ቤት የሚገባው ለሸርጣን ገበታ ነበር፤ አሁን ግን አነበዋለሁ፣ ያላዳረስኩትም አለ። ቢላዋዬን አነሳሁና ካርቶኖቹን አንድ ባንድ ተርትሬ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኳቸው። ኦቪድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ኑማ ቀደመውና «ጥሩ ካርቶን ነው፤ ፈሳሽ ይመጥጣል» ብሎ በቢላዋ እጀታ ሸርጣኑን አደቀቀበት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደየሳህኑ ዞረ። ልጄ በልጅነቱ እንደሚያደርገው በክርኑ ሳህኑን ከልሎ በላ። እንደገና ጨመረ፤ እንደገናም ድስቱን ዘንበል አድርጎ አየ። ዳርላ ሥሩን በዳቦ እየጠረገች «እማማ፣ አሠራሩን ልጻፈው?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስጽፋት? ኑማ ምን እንደሚያመጣና ማቀዝቀዣው ምን እንዳስተረፈ እኔም የማውቀው ስከፍተው ነው። አንቺም በደብዳቤሽ መጨረሻ የጋምቦ አሠራር ላኪልኝ ብለሻል፤ መልሱ ይኸው ነው።

በልተን ስናበቃ ኦቪድ የረሰረሱትን ካርቶኖች ጠቅልሎ «እማዬ፣ እነዚህን የት ልጣላቸው?» አለ። «ከቅርፊቱ ጋር» አልኩት። ጥሎ ሲመለስ ያቺ የምትወዛወዘዋ የበረንዳ ደረጃ ከእግሩ ሥር ጮኸች። ቆሞ አያት። የአባቱን መዶሻ ከሣጥኑ አውጥቶ ተንበረከከና ይቸነክራት ጀመር። ሊሸጥ ያሰበውን ቤት ደረጃ የሚቸነክር ሰው እስካሁን አላየሁም። ሲሄዱም ስለ ሳህን ያነሳ የለም፤ ኦቪድ ከፒካፑ መስኮት ወጣ ብሎ «ለሚመጣው ዓርብ ዘይት ይዤ እመጣለሁ» ብቻ አለኝ።

እንግዲህ እህቴ፣ ለእሱም እንደጻፍሽለት ገብቶኛል፤ ዳግመኛ ለኦቪድ ጽፈሽ ሐሳብ እንዳታስገቢበት። ናፍቄሽ ከሆነ መጥተሽ ብዪ፤ ሸርጣን መስበር ካልረሳሽ።

ሬይመንድን ጉልበቱን በሞቀ ጨው ውሃ ይዘፍዝፈው በዪልኝ። ኮሪንን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ አሁን ታነባለችና ራስሽ ጻፊላት በያት። ዓሣ የሚጠየፈውን ድመታችሁን ጭምር ሰላም ብያለሁ፤ እዚህ ቢሆን ኑማ ያስተካክለው ነበር። ኑማም ሰላም ብሎሻል፤ አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያቺን ደረጃ በእግሩ እየሞከረ ነው፤ አትጮህም።

ታላቅሽ ኤልሚር

ባዩ ካናር፣ ሉዊዚያና፣ እሑድ ማርች 13 ቀን 1988
አድራሻዬ ያው የእናታችን ቤት ነው።