የዋሻው ምዕራፍ አበል

ሰኞ፣ ኅዳር 10

አበሉን እጥፍ አደረገው! የጣሊያኑ ካፒቴን ዛሬ ጠዋት እኔንና ሼኽ ኡመርን ጠርቶ፣ በአስተርጓሚው አፍ፣ «የዋሻውን ምዕራፍ በዚህ ሳምንት ከጨረሳችሁ እጥፍ ትቀበላላችሁ» አለን። ጉድ ነው። የይፋትን የድሮ ሱልጣኖች ታሪክ ከሼኹ የዐረብኛ መጽሐፍ ተርጉሙልኝ ብሎ ከቀጠረን ጀምሮ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የቱ ገበያ በማን ዘመን እንደቆመ ስንጽፍለት ሲያዛጋ ነበር የከረመው። ሼኹ፣ አንድ ሱልጣን ከነሕዝቡ የተደበቀበት፣ ውኃው የማይደርቅ ዋሻ መጽሐፉ ውስጥ አለ ቢሉት ጊዜ ነው ዓይኑ የበራው። «ለዕውቀት ነው» ይላል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!

ልጄ ደምሴ ያለው ውኃ ያለው ዋሻ ውስጥ ነው። ከአርበኞቹ ጋር ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈው። የት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ስንቅ የምታደርስለት እናቱ ናት፤ እኔ ሆን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ቢገርፉኝ ምን እንደምል ማን ያውቃል።

የሥራችን ነገር እንዲህ ነው፤ ሼኹ ዐረብኛውን እያዩ በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አስተርጓሚው ወደ ጣሊያንኛ ይመልሰዋል። እኔ አሊፍ እንኳ አልለይም። እንግዲህ ሼኹ ያሉኝን ማመን ነው። ማመን! ጣሊያን መስጊድ የሚሠራላቸውን ሰው!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጻፍኩት። እጄ ይቆረጥ።

ሱልጣኑ ከሮቢ ወንዝ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከካራቆሬ በላይ ገደሉ ሥር ሲደርስ ዋርካውን በግራ ተወው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሼኹ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ አወረዱት። እኔ ብዕሬን ብሰብር፣ ቀለሙን ብደፋ፣ ሌላ ብዕር ከየት ይምጣ ብል፣ «ግድየለም መርጌታ፣ ይረጋጉ» ይሉኛል። ይረጋጉ!

ሌላም ነገር አየሁ። ሼኽ ኡመር «ቢስሚላህ» ሳይሉ ያን መጽሐፍ ከፍተውት አያውቁም። እኔ ወረቀቱ ራስ ላይ በስመ አብ ሳልል እንደማልጀምር ማለት ነው። ዛሬ ዝም ብለው ገለጡት። አበል እጥፍ ሲሆን ፈጣሪያቸውን ረሱ ብዬ አንጀቴ አረረ። ሰው በገንዘብ እንዲህ ይለወጣል? ይለወጣል እንጂ።

ካፒቴኑ ደስ ብሎት የቆርቆሮ ሥጋ ሰጠን። እኔም አልበላ፣ እሳቸውም አይበሉ፤ ማን እንዳረደው አይታወቅ። ለአስተርጓሚው ተውንለት። በዚህ ብቻ ተስማማን።

ለባለቤቴ ለአጸደ ምን ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ካፒቴኑ ዛሬም ሥራ ግቡ ብሎ ነበር። ሼኹ «የመርጌታ ትልቅ በዓል ነው፣ እኔም ብቻዬን አልሠራም» ብለው አስቀሩልኝ። ምን ፈልገው ነው? ደግነትም ያስፈራኝ ጀመር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አላስችል አለኝና ለባለቤቴ ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት። «የት ነው ያሉት?» አለችኝ። ከካራቆሬ በላይ፣ ገደሉ ሥር፣ አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና ሳቀች። ሳቀች!

«ኧረ መርጌታ! እዚያማ ዝንጀሮውም ውኃ ጥም ይፈጀዋል። ዋሻም የለ፣ ሰውም የለ።»

እውነትሽን ነው ብላት «ደምሴ ይሙት!» ብላ ማለች። በልጇ ከማለች በኋላ ምን ይባላል?

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለካ ሼኹ ቢስሚላህ ያላሉት በውሸት ላይ የአምላካቸውን ስም ላለመጥራት ኖሯል። እኔ ግን እዚያው ወረቀት ራስ ላይ በስመ አብ ብዬ ጽፌበታለሁ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ግን ደግሞ ሼኹ ተሳስተው ቢሆንስ? የተሳሳተው መጽሐፉ ቢሆንስ? ወይ እኔ! ምን አድርጎ ነው የፈጠረኝ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ካፒቴኑ ለብቻዬ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ መስቀል አስቀምጧል። ትርጉሙ ትክክል ከሆነ ያዝና ማል አለኝ። መስቀሉን ያዝኩና «ሼኹ ከነገሩኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም» ብዬ ማልኩ። እውነቴን ነው! ማንም ፊት እደግመዋለሁ።

አስተርጓሚው ዓይን ዓይኔን አየኝና እንዳለ አስተረጎመው። አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም። ገብቶት ለምን ዝም አለ? እሱንም ደግሞ መጠርጠር ሊኖርብኝ ነው፤ ስንቱን እችላለሁ!

ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹ ወደ ካራቆሬ ተነሡ። ይህን የምጽፈው ካፒቴኑ በሰጠኝ ወረቀት ነው። በጣሊያን ወረቀት ጣሊያንን ማማት ደስ ይላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ወታደሮቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ በቅሎ ገደል ገባባቸው አሉ።

ደስታዬ ለምሳ እንኳ አልቆየም። ካፒቴኑ ሰው ልኮብናል፤ ሰኞ መጽሐፉን ይዘን እንድንቀርብ። ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ከደሴ ይመጣል፤ ትርጉሙ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል ይተያያል። ዋሻው በእርግጥ መጽሐፉ ውስጥ ካለ ደምሴ አለቀለት። እግዚኦ!

እሑድ፣ ኅዳር 16

ከቅዳሴ ስመለስ ሼኽ ኡመር አህያ ላይ ማሽላ ጭነው ደጄ ቆመዋል። ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው «መርጌታ፣ ማሽላ አይገዙም?» አሉኝ። ጓዳ ገብተን ጆንያውን ፈቱት። መጽሐፉ ማሽላው ውስጥ ነው።

«ነገ ቤቴን ይበረብራሉ። መስጊዱንም አይምሩትም። ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ግን ዐረብኛ ይገኛል ብሎ ማን ይገምታል?» አሉኝ።

«ዋሻው እውነት እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ። ከነመንገዱ፣ ከነምንጩ።»

አጸደ ብድግ አለች። «እንግዲያማ ይቃጠል! ልጄ አለበት!»

ሼኹ አንገታቸውን ደፉ። «እትዬ አጸደ፣ የአያቴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ግልባጭ የለውም። ትናንት እሳት ዳር ይዤው ተቀመጥኩ። ወላሂ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይቃጠል ካሉ እርስዎ ያቃጥሉት፣ አልቀየምም።»

አጸደ ምድጃውን አየች፣ መጽሐፉን አየች። ሆዴ ግማሹ ታቃጥለው ይላል፣ ግማሹ ተይ ይላታል፤ ዕድሜ ልኬን መጽሐፍ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በኋላ ነጠላዋን አወለቀችና ጠቀለለችው። «በሉ ሐሳቤ ሳይለወጥ ውሰዱልኝ» አለችኝ።

«እኔን እንዴት አመኑኝ? እኔ እኮ ስጠረጥርዎ ነበር» አልኳቸው ሼኹን።

«አውቃለሁ። ዕቃ የሚጠብቅ ጠርጣራ ሰው ነው» አሉ።

ነገ ምን ሊሉት ነው ብላቸው፣ «ምስጥ በላው እላለሁ። ቆላ አይደለም?» አሉኝ። ማን ያምናቸዋል? እሳቸውም እንደማይታመኑ ያውቃሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ቤታቸውን፣ መስጊዱን፣ የእኔንም ቤት ገለባበጡት። ይህን ወረቀት አጸደ ቀድማ ወገቧ ላይ አስራዋለች። ምንም አላገኙም።

ሼኹን ግን አልማሯቸውም። የጅራፉ ድምፅ ከካፒቴኑ ግቢ አጥር ውጭ ድረስ ይሰማል። ጆሮዬን ደፈንኩ እንጂ ከዚያ አልተነሣሁም። በየግርፋቱ መሀል ያችኑ አንዲት ቃል ይደግማሉ፦ ምስጥ።

ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚው ወጥቶ፣ አበላችን መቋረጡን፣ የትርጉሙ ሥራም መቅረቱን ነገረኝ። ተመስገን ልል ምንም አልቀረኝ። «ያሳዝናል» አልኩት።

ሼኹ ወጡ። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። ልደግፋቸው ስነሣ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሰው ያየናል። እንደማያውቁኝ ሆነው አጠገቤ ሲያልፉ ብቻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «መርጌታ፣ አደራ፣ ምስጥ እንዳይበላው» አሉኝ።

ነገ ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ አመድ እነሰንሳለሁ።