የክፍላችን ሱቅ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጠሃ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ዘንድሮ የንግድ ትምህርት ክፍል ገብቻለሁ። ስለ ችርቻሮ ስንማር፣ መምህር ገነነ ለመለማመጃ ሱቅ የሚሆን ባዶ ካርቶን ከየቤታችሁ አምጡ አሉን። አባባ ሲቀላ ሰፈር ካለው ሱቁ ጓዳ ያጠራቀመውን የሳሙናና የስኳር ካርቶን ሁሉ አሸከመኝ። «የነጋዴ ልጅ ንግድን ከመምህር ልትማር!» ብሎ እየሳቀ ሸኘኝ። ደርድረን ስንጨርስ የክፍላችን ሱቅ ከእኛ ሱቅ ይልቅ የሞላ መሰለ።

ካድሬዎች ሊጎበኙን መጡ። መምህራችን ሰው ማመስገን ይወዳሉ፤ «ይህን ሁሉ የሰጡን አቶ ባድሩ ናቸው» አሏቸው። አንደኛው የስኳር ካርቶን አንስቶ፣ «ውስጡ የነበረውንስ የት ደበቀው?» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ መምህራችንም ሳቁ። በማግስቱ ሱቃችን ታሸገ፤ አባባንም ለጥያቄ ይፈለጋል ብለው ወሰዱት።

አሁን ስለ ደንበኛ አቀባበል እየተማርን ነው። ፈገግ በሉ ይሉናል።

እማማ በየቀኑ ምሳ ታደርስለት ነበር። ትናንት የእስር ቤቱ ዘበኛ ሳህኑን ሳይከፍት፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ መለሳት። ወደ አዲስ አበባ ሊያዛውሩት ነው ብላ ጋቢውን አጥባ አስጥታለች። እኔም አዎ፣ አዲስ አበባ ይበርዳል አልኳት።

እማማ ሰላም ትልሃለች። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ እንደ ወትሮው አጠገቤ ተቀምጦ ባያጽፈኝም የሚለውን አውቀዋለሁ። «ሶላትህን አትተው፣ ሚዛንህንም አታጉድል» ብሎሃል።

እህትህ ባህሪያ