የሳሎኑ ግድግዳ

አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ አቦምሳ ለምትገኘው ምራቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ ያብጥ ነበር፣ ጎደለልሽ ወይ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? የእኔን ደህንነት ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ነፋሱ ተነሥቷል፤ አቧራው እንደምታውቂው ነው።

ባልሽ ይትባረክ በስልክ ላገናኝህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ድምፅሽን ከሰማሁ የጀመርኩትን አልጨርሰውም። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ እየጫርኩ ነው፤ ጽሑፌ ቢጣመም በዚያ እለፊው።

ነገሬ ስለ ሳሎኑ ግድግዳ ነው።

እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ የምታደርጊውን ሁሉ አይ ነበር። ከወለሉ ላይ ሸራውን አንሥተሽ የዝዋይ ደንገል ምንጣፍ አነጠፍሽ። ያን ከባድ መጋረጃ አውርደሽ መስኮቱን ከፈትሽው። የግራር ግንድ አስጠርበሽ ጠረጴዛ አደረግሽው፤ ሬትም በሸክላ ተክለሽ ጥግ ላይ አቆምሽው። አባባ፣ ተፈጥሮ ቤት ሲገባ እኮ ሰው ይተነፍሳል ብትይኝ፣ እኛ ከድንጋይና ከእንጨት ለመውጣት ዕድሜያችንን ጨረስን፣ አንቺ መልሰሽ ዋሻ ልታገቢን ነው ወይ አልኩሽ። ሳቅሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ መስኮቱ ከተከፈተ ወዲህ ከምሳ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ እኔ የእህቴን ልጅ ቤት ላሠራ ሞጆ ሄድኩ። በአሥረኛው ቀን ስመለስ አንቺና ለሳኙ ዱጋሳ የሳሎኑን ትልቅ ግድግዳ ልስን ፍቃችሁ ጥቁሩን ድንጋይ አውጥታችሁታል። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የደስታ መስሎሽ እጄን ይዘሽ አስገባሽኝ። አባባ፣ ይህን የመሰለ ሥራ እንዴት ይደበቃል አልሽኝ። በድንጋዮቹ መገናኛ ላይ ጭቃው በጣት ተስቦ የተስተካከለበትን መስመር እያሳየሽ፣ ጣትዎ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ወጣት ነበርኩ አልኩሽ።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ግድግዳውን አይተው ተደነቁ። አንቺም በዚያ ከባድ ሆድሽ እየተሯሯጥሽ እያስተናገድሽ፣ የአባባ እጅ ነው፣ እጃቸው ይባረክ አልሽ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ያኔ ጉልበት ነበረ አልኩ። ምስጋናውን ዋጥኩት። ጎረቤታችን ወይዘሮ እንቁ ብቻ ብርሌዋን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

አንቺና ይትባረክ ለምርመራ ሐኪም ቤት የሄዳችሁ ዕለት ዱጋሳን ጠርቼ ለስነው አልኩት። እምቢ አለኝ። ጋሼ፣ ይህን መሸፈን ነውር ነው፤ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብሎኝ ወጣ። ስለዚህ በራሴ እጅ ለሰንኩት። ስትመለሺ ያልደረቀውን ልስን በመዳፍሽ ነካሽው። ይትባረክ ሲቆጣ ደግሞ፣ እሷ ድንጋይ መሀል ስላደገች ቤታችንን የፍየል በረት ልታደርገው ነው አልኩት። እንደሰማሽኝ አውቃለሁ። በሩ ክፍት ነበር። በማግሥቱ፣ ቀንሽ ገና ሁለት ወር ተኩል ሲቀረው፣ እናቴ ጋ ነው የምወልደው ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ያለ ነው፤ ሰፈሩም ይህንኑ ነው የሚያወራው። ከታረስኩም በኋላ እዚያ ቤት አልመለስም ማለትሽን ግን ይትባረክ ነግሮኛል።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ያን ግድግዳ እኔ አልገነባሁትም።

በ1978 ዓ.ም. ሦስቱን ግድግዳ አቁሜ ገንዘብ አለቀብኝና ለግንበኝነት መተሐራ ወረድኩ። አራት ወር ቆየሁ። ስመለስ አራተኛው ቆሟል። የገነባችው ባለቤቴ መሰለች ናት፤ አንቺ አላወቅሻትም። እኔ ስሠራ ጭቃ እያቀበለች በዓይኗ ተምራዋለች። ድንጋዩንም ከጋራው ሥር ተሸክማ ነው ያመጣችው። ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ቱንቢ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ጣልኩበት። ጥመት ፈለግሁ፤ በላይም በታችም በጎንም ፈለግሁ። ክሩ የፀጉር ያህል እንኳ አልሳተም። ከእኔ ከሦስቱ ይልቅ የእሷው ቀጥ ያለ ነበር። እሷ በር ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች። እኔ ደግሞ፣ ጥቁር ድንጋይ ጊንጥ ያመጣል፣ መለሰን አለበት አልኩ። በሁለተኛው ቀን ለሰንኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ቤቱን ሲያደንቅ ብቻዬን ሠራሁት እል ነበር። እሷም እየሰማች ታስተናግድ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስክታርፍም አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሣነውም።

እንግዲህ አንቺን ያባረርኩሽ ድንጋይ ጠልቼ አይደለም።

ካለፈው ወር ጀምሮ ልስኑን በመሮና በመዶሻ እያነሣሁት ነው። ዱጋሳ መጥቶ በማሽን በአንድ ቀን ልጨርስልዎት ቢለኝ ከለከልኩት። እስከ ደረቴ ድረስ ደርሻለሁ። የሚያሳዝነው ግን፣ የአሁኑ ሲሚንቶ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲነቀል መገናኛውን ይዞ ይወጣል። ያሳየሽኝ የጣት መስመር ብዙው ከልስኑ ጋር ወደቀ። ቀስ ብዬ ሞከርኩ፣ በቢላዋም ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ስትመጪ እንዳወጣሽው አታገኚውም፤ ይህን ቀድመሽ እወቂው። መልሶ የሚያስተካክለው ባለሙያ የለም።

ትናንት ወዲያ በጥር ሚካኤል ማኅበርተኞቹ ግማሽ የተላጠ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ጸበሉ ከተቀመሰ በኋላ ተነሥቼ፣ ይህን የገነባችው መሰለች ናት፣ አርባ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ፣ ምራቴንም በዚሁ ውሸት አስቀይሜ ሰድጃታለሁ አልኩ። ወይዘሮ እንቁ፣ አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን ከጋራው እስከዚህ በጀርባችን የተሸከምነው እኛ አይደለንም እንዴ፣ ለማን ነው የምትነግረን አለችኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ሌላዋም ከጥግ፣ የእኔ ወገብ እስከ ዛሬ ይመሰክራል አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለእኔ ክብር ብለው ይህን ሁሉ ዓመት አፋቸውን ይዘው ኖረዋል። መሰለች ናት አሉ ያስማለቻቸው።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ እንቁ ቀስ ብላ፣ ለመሆኑ የለሰንከው ዕለት መሰለች ምን አለችህ ብላ ጠየቀችኝ። ዳቦ የምቆርስ መስዬ አለፍኳት። ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ። ምንም አላለችም። ውሃውን ከሩቅ ቧንቧ ቀድታ ያመጣችው፣ ሲሚንቶውንም አቡክታ ያቀበለችኝ እሷው ነበረች። ይትባረክ ሆዷ ውስጥ ሰባት ወሩ ነበር።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እናትሽን ስሚልኝ። የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም ልጁንም በጤና ያኑርልኝ።

የባልሽ አባት