ካፒቴን ጎንዮሽ እና የማክሰኞው ነፋስ

ካፒቴን ጎንዮሽ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። እናታችን ይሉ እንደነበረው፣ ሕፃን ሳሉ ለቅሷቸውን የሚያስተዋቸው የመስኮቱ መጋረጃ ነበር። ነፋስ ሲያነሣውና ሲጥለው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በማረፊያው ነዳጅ ቀጂ ሆነው ተቀጠሩ፤ በሃያ አምስት ዓመታቸው አብራሪ ሆኑ። በባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ፖስታና መድኃኒት እያመላለሱ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመታ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙረው በጎኗ ያመጧታል፤ መሬት ልትነካ ስትል አቅንተው፣ መጀመሪያ በነፋሱ በኩል ባለው ጎማ፣ ቀጥሎ በሌላው ያሳርፏታል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሕልም ይመስል ነበር። ሳሩ ይተኛል፣ ይነሣል፤ እሷ ግን አየር ላይ የቆመች ትመስላለች።

ሁልጊዜ እንዲህ አልቀናቸውም። በሠላሳ ዓመታቸው፣ ይህን የሚጽፈውን ታናሽ ወንድማቸውን አሳፍረው ሲመለሱ፣ አዲሷን አውሮፕላን ሊመርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ነፋሱ አንዴ ጸጥ ይላል፣ አንዴ ይገፋል። የሞተሩን ኃይል ጨምሮ፣ ሳያርፉ ዳግመኛ ከፍ ብሎ መዞር ይገባ ነበር፤ እሳቸው ግን ትልልቅ ሰዎችን ማስጠበቅ ነውር መስሏቸው ወረዱ። ክንፏ አጥሩን መታ፣ የወንድማቸው እግር ተሰበረ፤ ሽማግሌዎቹም የመረቁት ስብርባሪ ሆነ። ወንድማቸው እስከ ዛሬ ያነክሳል። ቂም አልያዘም፤ ቢይዝም ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በረራ የሚያስተምሯቸውን ወጣቶች ሁሉ፣ «ካልተመቻችሁ ዙሩ፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ይጠብቅ» ይሉ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው የክሊኒኩን ነርስ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እሷም አብራሪ ሆነች፤ ያስተማሯትም ራሳቸው ናቸው።

ላለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በዚያው በማረፊያው አጥር ሥር ባለው ቤታቸው ደከሙ። ሩቅ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ቶሎ ድረሺ ተብላ፣ ትንሽ አውሮፕላን ይዛ መጣች። ነፋሱ ከጎን ነበር። ባለቤታቸው መስኮቱን ከፈቱላቸው። የሞተሩ ድምፅ ቀረበ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ጮኾ ራቀ። ደግማ መጣች፤ ደግማ ዞረች። ሁላችንም አልጋውን ከበን ተጨነቅን። እግሩ የተሰበረው ወንድማቸው ሳይቀር «ምናለ ብትወርድ!» አለ፤ ሰው ቶሎ ይረሳል። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ዙሪ፣ የኔ ልጅ፣ ዙሪ» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትዞር ፈገግ ብለው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ዓለም ተለዩ። በአራተኛው ወርዳ፣ ሮጣ በሩ ላይ ስትደርስ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፎ ነበር።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን አሉ። ልጃችን ከማክሰኞ ጀምሮ «ምነው በመጀመሪያው በወረድኩ ኖሮ» እያለች ታለቅሳለች። ስለዚህ ይህ በሁላችሁም ፊት ይነበብላት፦ አባቷ ሦስቱንም ጊዜ ሰምተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ያኑር፤ ለእሷም መጽናናቱን ይስጣት። ዐይናቸውን የከደኑት ልጄ በሕይወት ትወርዳለች ብለው፣ ልባቸው ዐርፎ ነው።