ቃሬዛችንን ለወሰዱልን ሊቀመንበር

ቆቦ፣ ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አስፋው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስብሰባችን አባት፣ የድምፅ ማጉያችን ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? በንግግር ብዛት እንዳይጎዳብን እንሰጋለን። የእናትዎ የእትዬ ዘነበችስ ጉልበት እንደምን ከርሟል? እኛ፣ እርስዎ ስለ እኛ ሌት ተቀን ስለሚሰበሰቡልን፣ ከሞተችው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ አራጌ ሞላ ነኝ። ከአብዮቱ በፊት ከፍርድ ቤቱ በር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ፣ የአባትዎንም የመሬት ክርክር የጻፍሁ፣ በኋላም እርስዎ «የአድሃሪዎች መሰባሰቢያ» ብለው እስከ አፈረሱት ዕለት ድረስ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ የነበርሁ ሰው ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም አላጣሁም። ሂስ የማያቀርብ ሰው አብዮቱን ይጎዳል ብለው በየስብሰባው ስለሚያስተምሩን፣ እንደ ታዛዥ ደቀ መዝሙር ሂሴን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

ቅሬ ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ አባትዎን የቀበርነው በቅሬ ነውና። ሆኖም ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሬሳውን አብሮ የሚያነሣበት ማኅበራችን ነው። ጠሪው ከጉብታው ላይ ሲጮህ የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል፤ ቅጣቱን እምቢ ያለ ከቅሬ ይሰረዛል፤ ከቅሬ የተሰረዘን ሰው ደግሞ እሳት እንኳ የሚያስጭረው ጎረቤት የለም።

በጥቅምት መጨረሻ ጎረቤቴ ዓሊማ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለእናት አገር ጥሪ ሰጥታ፣ አንዱ ኦጋዴን ቀርቶባታል፤ ሁለተኛው ሰሜን ነው ይባላል። ልጇም ወንድሟም ቅሬው ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቅሬ የጠራው ዘይኑዲን ጉብታው ላይ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፤ ከቅርብ ጎረቤት በቀር የሰማው ግን የለም፤ ድምፅ ማጉያዎ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት እንግዶች መዝሙር እያሰማ ነበርና። በዚያን ቀን ስለ ዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ከየቤቱ ማሽላ አዋጥተን፣ ሸጠን የገዛነውን የቅሬ ድንኳን ለእንግዶችዎ ጥላ እንዲሆን ስለ ወሰዱልን እናመሰግናለን። ለቀስተኛው የቆቦን ፀሐይ ከልጅነቱ ስለሚያውቃት ጥላ አያስፈልገውም ብለው ማሰብዎ ትክክል ነው። እንግዶቹ ጎብዬ ላይ ምሳ ተጋብዘው ከዚያው ተመልሰው ኖሯል። ድንኳናችን ባዶ ወንበሮችዎን ከፀሐይ ሲጠብቅ ዋለ።

፪ኛ/ ቃሬዛችንንም ሥራ አላስፈቱትም፤ እግዜር ይስጥልን። የሦስቱን ጢማሞች ሥዕል ቸንክረውበት አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስቱም ከሞቱ ቆይተዋል ስለሚባል ቃሬዛው ከሙያው አልወጣም። ዓሊማን ግን የተሸከምናት በእኔ የጠፍር አልጋ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲህ በአልጋው አልተኛም ብላ መደብ ላይ ወርዳለች። እኔ እተኛበታለሁ፤ ተራዬ ሩቅ ስላልሆነ ብለማመደው ይሻላል ብዬ ነው።

፫ኛ/ የቅሬው ዶማ፣ አካፋና ዲጂኖ ለእርከን ዘመቻ ተወስደው መጋዘንዎ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉን የያዙት ጸሐፊዎ ደግሞ ሰልፍ ላይ ነበሩ። መሬቱ ዝናብ ካየ ቆይቶ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር፣ በተዋስናቸው ሁለት ዶማዎች እየተፈራረቅን ስንቆፍር ዋልን። ጀናዛ እንደማይቆይ በአገራችን ሕፃን ልጅ ያውቃል። በማለዳ የሞተች ሴት አፈር የቀመሰችው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ለዚህስ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ያሳፍራል! ኧረ ያሳፍራል ጓድ አስፋው! የቆቦ ሰው በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ረኃብና ጦርነት፣ ሬሳ ቤት አስቀምጦ ሲዘፍን ታይቷል? ይቅርታዎን፤ ወደ ትሕትናዬ እመለሳለሁ።

፬ኛ/ የመጨረሻው ውለታዎ ከሁሉ ይበልጣል። ወደ መቃብሩ ለመሄድ ዋናውን መንገድ መሻገር ነበረብን። ከመንገዱ ስንደርስ የወጣት ማኅበሩ ሰልፍ ሞልቶት መጣ። በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ የሟች ደመኛ እንኳ ቢሆን፣ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ጥቂት እርምጃም ቢሆን ትከሻውን ሰጥቶ ይሸኛል። ሰልፈኛው አልቆመም። እኛ ስድስት ሽማግሌዎች ዓሊማን እንደተሸከምን ከመንገድ ዳር ቆመን ሰልፉ እስኪያልፍ ጠበቅን። ፊት ፊት እየሄደ መፈክር የሚያስጮኸው ጎረምሳ የራሴ ልጅ ጋሹ ነው። አየኝ። አልጋውንም አወቀው፤ የተወለደው እሱ ላይ ነውና። ከዚያ ግራ እጁን አነሣና መፈክሩን ቀጠለ።

ጋሹ ሲወለድ እናቱ ታማ ወተቷ ቢደርቅ፣ ሰሜን አለ ከሚባለው ልጇ ጋር ግራና ቀኝ ታቅፋ ያጠባችው ዓሊማ ናት። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ እሱም ያውቃል።

ማታ ቤት ሲገባ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ጠየቅሁት። ቢያፍር ኖሮ ይቅር ባልሁት፤ ቢሳደብ ኖሮ በረገምሁት። እሱ ግን ከልቡ ግራ ገብቶት፣ መሸኘታችን ለሞተ ሰው ምን እንደሚጠቅመው መልሶ ጠየቀኝ። ለቅሶ የሥራ ጊዜ ማባከን መሆኑን በማኅበሩ ትምህርት ተምሯል። የአባቱ ልማድ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑንም ተምሯል። እኔ የስንቱን ሰው ክርክር የጻፍሁ ሰውዬ ለገዛ ልጄ ያገኘሁለት ሁለት ቃል ብቻ ነው። ነግ በኔ አልሁት፤ ፈገግ አለ። እኛ ይህን ነገር በቃል አልተማርነውማ! ሬሳ ትከሻችን ላይ ሲያርፍ፣ አባቶቻችን ከጎናችን ሆነው ሲተነፍሱ ሰምተን ነው የተማርነው። ያን ትምህርት ቤት ነው የዘጉት። ልጄን አልከስስም፤ የምከስሰው እርስዎን ነው። አንድ ሺህ ሆኖ ሲሰለፍ የሚያምር፣ አንዲት ሴት ለመቅበር ግን ስድስት የማይሞላ ወጣት ስላፈሩልን፣ እጅ እንነሣለን።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ድንኳኑ ይቅር፤ ወንበሮችዎ ለምደውታል። ቃሬዛውንና መቆፈሪያውን ይመልሱልን። ዘይኑዲን ሲጮህ ድምፅ ማጉያው አፉን ይያዝልን። ከሁሉም በላይ ቅሬ ሲጠራ ወጣቶቹ ከስብሰባም ከሰልፍም ወጥተው እንዲመጡ ይፍቀዱላቸው። ልጄን ይመልሱልኝ እያልሁዎ ነው።

እስከዚያው ድረስ እኛ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠን፣ ሬሳ ያስቀመጠ ሰው የሚገባውን ፍርድ ሰጥተን፣ እርስዎን ከቅሬ ሰርዘንዎታል። ቅሬው ፈርሷል ብለው ስላወጁ፣ ከፈረሰ ነገር መሰረዝ ብዙ እንደማይጎዳዎ ተስፋችን ጽኑ ነው።

ዕድሜ ከጤና፣ ስብሰባ ከጭብጨባ ጋር አብዝቶ ይስጥልኝ እያልሁ፣ ከወንበሮችዎ ያነሰ ጥላ ያለኝ፣ ግን ጎረቤቴን የቀበርሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ፤

አራጌ ሞላ
የፈረሰው ቅሬ ዳኛ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለገበያው መግቢያ
ዋጃና ሮቢት ላሉ ቅሬዎች፣ ገና ላልፈረሱት

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እናትዎ እትዬ ዘነበች ባለፈው እሑድ አስጠርተውኝ ነበር። ከቤትዎ ዓሊማን ለመሸኘት የወጡ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በምርኩዝ መጥተው ከለቀስተኛው ጋር ፀሐይ ላይ ዋሉ። ልጃቸው ድንኳንም ቃሬዛም መቆፈሪያም እንዳለው፣ የሌለው ሰው ብቻ እንደሆነ ነገሩኝና፣ ቀናቸው ሲደርስ እንዳንተዋቸው እጄን ይዘው ለመኑኝ። አለቀሱም። ቃል ገባሁላቸው፤ የሰረዝነው እርስዎን እንጂ እሳቸውን አይደለም። በእኔው አልጋ እንሸከማቸዋለን። ግን ከስድስታችን ታናሹ እኔ ነኝ፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ከእኛ በኋላ የሚቀሩት ሬሳ መንገድ ዳር አቁመው እንዲያልፉ ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጓድ አስፋው፣ እናትዎ ከእኛ ቀድመው እንዲሞቱ ይጸልዩ፤ ጸሎት ክልክል ከሆነም ስብሰባ ይጥሩበት።