ምሰሶው የነበረበት ጉድጓድ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኤልሳዕ ቦልቴ፣

እንደምን አለህ ልጄ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? አብሮህ በሱቁ የሚሠራው ጦናስ ደህና ነው? እዚያ ደቡብ አፍሪካ አሁን ብርድ ነው ይላሉ፤ የሚሞቅ ልብስ አለህ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሬ እሄዳለሁ። እህትህ ማክዳም ደህና ናት። ይህን የሚያመጣልህ ሱቅህን የሚያውቀው ሚልክያስ ነው። በድሮው ቁጥርህ ስደውል የምትመልስልኝ በማላውቀው ቋንቋ የምትናገር ሴት ናት።

አባትህ ካረፈ አራት ዓመት ሆነ። ከለቅሶው ወዲህ ደውለህልኝ አታውቅም። ለማክዳ "አባቴ ሊያናግረኝ እንቢ ብሎ ነው የሞተው" ብለህ እንደ ጻፍክላት ነግራኛለች። ስለዚህ ነገር የምነግርህ አለኝ።

በቆርቆሮው ቤት ውስጥ የእጅ ስልኬ ኔትወርክ አጥቶ አይጮህም ነበር። ምናልባት ትደውል ይሆናል ብዬ በሚያዝያ ገሱባ ወርጄ ከአብዱልከሪም ሱቅ የጠረጴዛ ስልክና ከውጭ የሚተከል አንቴና ገዛሁ። ሲም ካርዱ ያው ነው፤ ቁጥሬ አልተለወጠም። አብዱልከሪም ቀልዱን አልተወም፤ "እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ማን ሊደውልልዎት ነው? ይንገሩን እንጂ!" አለኝ። ኋላ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ እርጥብ ቅጠልም ይውጠዋል፤ አንቴናውን ከጣሪያ በላይ አውጥተው ፊቱን ወደ ኔትወርኩ ማማ ያዙሩት፤ ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል አለኝ። ፊደል ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ብቻዬን እንደ ተማርኩ ታውቃለህ፤ ያለውን ሁሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጽፌ ይዤ መጣሁ።

አንቴናውን በረጅም ቀርከሃ ጫፍ አስሬ ግቢውን ዞርኩ። ጎረቤታችን ንግሥቲ ስልኩን ታቅፋ እየተከተለች የኔትወርኩን መስመር ትቆጥርልኛለች። ከቆርቆሮው ቤት ጥግ "ምንም!" አለች። ከእንሰቱ መሐል "አንድ... ኧረ ሄደች!" አለች። ኮረብታው ዝቅ ወደሚልበት በኩል ስሄድ "አራት! አንቺ፣ እንዳትነቃነቂ!" ብላ ጮኸች። ወደ እግሬ አየሁ። የቆምኩት የሣር ቤታችን ምሰሶ በነበረበት ጉድጓድ ላይ ነበር። ለአራት ዓመት በዚያ በኩል አላለፍኩም፤ ሣር በቅሎበታል።

ያ ቦታ ኔትወርክ እንዳለው ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ስልካችን በዚያ ምሰሶ ላይ በከረጢት ተሰቅሎ ሁልጊዜ ይጮህ ነበር። አባትህ ከኦቶና ሆስፒታል ከተመለስን በኋላ የተኛው ከምሰሶው ሥር ነው። ሳትሰናበተው በመሄድህ ተቆጥቶ ነበር፣ እውነት ነው። በመጨረሻ በስልክ ስትነጋገሩ ተጯጯሃችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ትንፋሽ አጥሮት ዋለ። በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኩን አውርጄ ወደ ቆርቆሮው ቤት ወሰድኩና በብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እዚያ እንደማይጮህ አውቅ ነበር። ይረፍ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ግን አንተንም ልቀጣህ ፈልጌ ነበር።

ባዶው ከረጢት እዚያው ተሰቅሎ ቀረ። የአባትህ ዓይን ደክሞ ነበርና አላወቀም። "ኤልሳዕ ሲደውል ቀስቅሺኝ፤ ተኝቷል እንዳትዪው" አለኝ። ሁለት ጊዜ "አልጮኸም እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም "አልጮኸም" አልኩት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ስልኩን ወደ ደጅ ሳወጣው ሳይነሱ የቀሩት ጥሪዎችህ መልእክት ተከታትሎ ገባ። አሥራ ሰባት ጊዜ ደውለሃል። ለአንተ "ኔትወርክ አልነበረም" አልኩህ። አላመንክም፤ አባቴ ነው ያስዘጋው ብለህ ያዝክ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሣር ቤቱን ያስፈረስኩት አርጅቶ አይደለም።

አሁን አንቴናው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ገመዱ እስከ ቆርቆሮው ቤት ስለማይደርስ ከሥሩ ትንሽ የሣር ዳስ አሠርቼ ቀኑን ከስልኩ ጋር እውላለሁ። ማክዳ እሑድ እሑድ ከሶዶ ስትደውል ድምፅዋ አጠገቤ ያለች ያህል ነው። ሌላ የሚደውል የለም። ድሮ ዝናቡ ነው፣ ኮረብታው ነው፣ እንሰቱ ነው እል ነበር። አሁን አራቱም መስመር ሙሉ ነው፤ የማመካኝበት አጣሁ።

ይህን አንብበህ ጭራሹን እንደምትጠላኝ ይታየኛል። ይቅር በለኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ሰረዝኩት፤ ለመጠየቅም አፍ የለኝም። አባትህ ግን እንቢ አላለህም። እንቢ ያልኩህ እኔ ነኝ።

ማክዳ ከልጇ ከቢኒ ጋር ሰላም ብላሃለች። ንግሥቲ "ያ ጥጋበኛ እስካሁን አላገባም?" ትላለች፤ ሰላምታዋም ያው ነው። ለጦና ሰላምታዬን አድርስልኝ። የአባትህን ሰላምታ አራት ዓመት አዘግይቼ ይኸው ልኬልሃለሁ፤ ሲደውል ቀስቅሺኝ ብሎ ነበር።

እናትህ ትዕዛዝ
ኦፋ፣ ገሱባ አጠገብ
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.